ምስሉ ግን ያምራል

ዛሬ ሰማዩ እንደከፋው ዋለ፤ እኔም አብሬው። መ. «የትናንቱ ፊልም እንዴት ነበር?» ብላ ከጻፈችልኝ ቆየ። «ምስሉ ግን ያምራል» ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው ቀረሁ። ያቺ «ግን» እዚያ ምን ትሠራለች? ከፊቷ ምንም ሳይኖር በ«ግን» መጀመር ሳይጠየቁ ማስተባበል ነው። ሙሽራዋ እንዴት ናት ሲባል «ቀሚሱ ያምራል» እንደማለት።

ሰሞኑን ስልኬ ላይ እየመጡ የሚያስቸግሩኝ ቪዲዮዎች አሉ፤ የፊልም ታሪክ ባጭሩ የሚተርኩት። ታውቋቸዋላችሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጀውን ፊልም በአሥራ ሁለት ደቂቃ፤ ወንዱ ሁሌም «ይህ ሰውዬ»፣ ሴቷ ሁሌም «ይህች ልጅ»። ስንቃቸው ኖሬያለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን ከሚያምረው ምስል ሥር ታሪክ መኖሩን ለመለካት ከነሱ የተሻለ ሚዛን ማግኘት ይከብዳል። ተራኪው ብርሃኑን፣ ሙዚቃውን፣ የሚንሳፈፈውን ከተማ ገፎ አጥንቱን ብቻ ያቀርባል። ደግሞ ሳያውቀው ይፈርዳል፤ በማያያዣ ቃሎቹ። ታሪኩ የጠበቀ ሲሆን «ስለዚህ»፣ «ይህን በማድረጉም»፣ «እንዳሰበው ግን አልሆነም» እያለ ይወርዳል። ሲላላ «ከዚያም»፣ «በዚህ መሀል»፣ «ድንገት» ይበዛበታል። «በዚህ መሀል» ሲደጋገም ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን እየሄዱ አይነካኩም ማለት ነው። «ድንገት» ሲደጋገም ደግሞ ነገሮችን የሚያመጣቸው ሰው አይደለም፤ ምስሉን በኮምፒውተር የሚሠራው ክፍል ነው። ወረቀት ይዞ መቁጠር ነው።

በ1993 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የወጣውን ጁራሲክ ፓርክን እንዲህ ብንቆጥረው? ፊልሙ 127 ደቂቃ ነው፤ ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት 15 ደቂቃ ያህል ብቻ። ከዚያም ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራው ከግማሽ ያነሰ ነው፤ የቀረው የስታን ዊንስተን ወርክሾፕ ያወጣው የብረትና የጎማ ሥራ። ሰው ግን «የዳይኖሰር ፊልም» ይለዋል እንጂ «የ112 ደቂቃ የሰው ወሬ» አይለውም። ለምን? ትልቁ ጭራቅ፣ ቲ-ሬክስ የሚባለው ዳይኖሰር፣ ከመናፈሻው አጥር የወጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ተከተሉት። አጥሩ ኤሌክትሪክ አጥቷል። ኤሌክትሪኩን ያጠፋው የመናፈሻው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ያጠፋው የዳይኖሰር ሽሎቹን ሰርቆ ለመውጣት በሮቹ እንዲከፈቱለት ስለፈለገ ነው። የሚሰርቀው ደመወዜ አነሰ ብሎ ስለሚነጫነጭና ተቀናቃኝ ኩባንያ ገንዘብ ስለሰጠው ነው። የቸኮለው ማዕበሉ መጥቶ ጀልባዋ አልጠብቅም ስላለች ነው። መኪኖቹም በዚያው ኤሌክትሪክ የሚሄዱ ስለሆኑ ልክ አጥሩ ፊት ለፊት ቆሙ። በዚህ ሁሉ ውስጥ «ድንገት» የሚባለው ዝናቡ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ቶን ሥጋ ከአንድ የደመወዝ ቅሬታ ወጣ።

አወጣጡንም እዩት። መጀመሪያ የምናየው እንስሳውን አይደለም፤ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ውሃ ነው። ውሃው መሀል ላይ ክብ ይሠራል፤ ክቡ ይሰፋል፤ ይጠፋል። ደግሞ ይመጣል። ይህን ለመሥራት ብዙ ተሞክሮ መጨረሻ ላይ የተገኘው መላ ከዳሽቦርዱ ሥር የተወጠረ የጊታር ክር ነው፤ አንድ ሰው ከታች ሆኖ ክሩን ይነካል። የፊልሙ ትልቁ ፍርሃት የተሠራው በአንድ ክር ነው ማለት ነው።

(ቡናው ገንፍሏል መሰለኝ። ይገንፍል።)

ሌላ መፈተኛ አለ፤ ይህኛው ቁጥር አይፈልግም። ጭራቁን አውጡና ጎርፍ ተኩበት። ወይም እሳት፣ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ። ታሪኩ እንደነበረ ከቆመ ጭራቁ ጌጥ ነው። በ2023 የወጣው የጃፓኑ ጎድዚላ ማይነስ ዋን ላይ ይህን ብትሞክሩት አይሠራም። ባለታሪኩ አጥፍቶ ለመጥፋት የተላከ አብራሪ ነው፤ አውሮፕላኔ ተበላሽቷል ብሎ ዋሽቶ ደሴት ላይ ያርፋል። ማታ ፍጥረቱ ሲመጣ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቶ መተኮስ ይችል ነበር። ጣቱ ማስፈንጠሪያው ላይ ደረቀ፤ አንድ መካኒክ ሲቀር ሌሎቹ አለቁ። ከዚያ በኋላ ጭራቁ በመጣ ቁጥር የሚመጣው ያ ያልተተኮሰ ጥይት ነው። ጎርፍ ላይ አይተኮስም፤ ስለዚህ በጎርፍ እንዲህ ያለ ጸጸት ሊኖር አይችልም።

ያንን ፊልም የሠሩት የቪዥዋል ኢፌክት ባለሙያዎች 35 ናቸው፤ 610 ሾት (ካሜራው ሳይቆረጥ የሚያሳየን አንድ ምስል) ሠሩ። በ2024 ኦስካሩን ወሰዱ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ገንዘቡ ማነስ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ጽሑፉን የጻፈውም፣ ያዘጋጀውም፣ ኢፌክቱን የመራውም አንድ ሰው ነው፤ ታካሺ ያማዛኪ። «ይህ ሾት አያስፈልግም» ለማለት ስብሰባ መጥራት የለበትም። ትልልቆቹ ፊልሞች ጋ ሥራው በተለያዩ አገሮች ላሉ ኩባንያዎች ይከፋፈላል። የሚወጣበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጧል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ሳያልቅ የመጨረሻው ጦርነት ምስል ሥራ ይጀመራል። በኋላ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ታሪኩ ሲያነክስ ምን ይቆረጣል? ወራት የፈጀው የሚፈራርሰው ግንብ አይቆረጥም። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያወሩባት፣ ምንም ያልወጣባት ትዕይንት ናት የምትሄደው። ግንቡ ሲፈርስ ለምን እንደምናዝን የምትነግረን ደግሞ እሷ ነበረች።

ይህ ቆረጣ የተወውን ቁስል ለማየት ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ጆሮም ያስፈልጋል። አንድ ሰው ትልቅ ማብራሪያ ሲሰጥ ፊቱን ፈልጉ። «ድንጋዩን ካላገኘነው በሩ ለዘላለም ይዘጋል» ሲል ጀርባውን ካሳዩን፣ ወይም ካሜራው የሚያዳምጠው ሰው ላይ ከቆመ፣ ወይም ከሩቅ ሲራመዱ ድምፁ ብቻ ከመጣ፣ ያ ዓረፍተ ነገር በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጾ የተለጠፈ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አንድ ሁለቴ ቢሆን የተለመደ ጥገና ነው። በየአሥር ደቂቃው ሲሆን ግን ታሪኩ በልጥፍ የቆመ ነው። የትናንቱ ፊልም ላይ አለቃው ከግማሽ በኋላ ፊት አልነበረውም ብል ማጋነን አይሆንም።

ግን ሚዛኔ ላይ የማልወደው ነገር አለ። በ2015 የወጣውን ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድን ለዚያ ለአሥራ ሁለት ደቂቃው ተራኪ ስጡት። «ሄዱ። ተመለሱ።» አለቀ፤ ይህች ልጅ፣ ይህ ሰውዬ፣ መኪና። በኔ ሚዛን ይወድቃል። ፊልሙ ግን አይወድቅም። አዘጋጁ ጆርጅ ሚለር መጀመሪያ የሠራው ስቶሪቦርድ ነው፤ ፊልሙን ሾት በሾት የሚያሳይ 3,500 ያህል ሥዕል። ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክሴል ደግሞ ከ480 ሰዓት ቀረጻ 120 ደቂቃ አወጣችለት፤ 2,700 ያህል ቁርጥ፣ ማለትም አንዱ ሾት በአማካይ ሦስት ሰከንድ አይሞላም። በዚህ ፍጥነት ሌላ ፊልም ቢሆን ራስ ያዞራል። እዚህ የማያዞረው ዋናው ነገር ሁሌም ስክሪኑ መሀል ስለተቀመጠ ነው፤ ሾቱ ሲቀየር ዓይን መፈለግ የለበትም። ታሪኩም ያለው እዚያ መሀል ላይ ነው፤ አንድ ቀጭን የደም ቱቦ ላይ። መጀመሪያ ሰውየው መኪና አፍንጫ ላይ ታስሮ ደሙ ሳይጠየቅ ለታመመ ወታደር ይቀዳል። መጨረሻ ላይ ያንኑ ቱቦ በገዛ እጁ ይዞ ለምትሞተው ሴት ደሙን ይሰጣል፤ ፊልሙን ሙሉ የደበቃትንም ስሙን ይነግራታል። ተራኪው «ደም ሰጣት» ብሎ ያልፋል፤ ስላልተናገረው ግን ታሪክ የለም አይባልም።

የራሳችን ምድርም አንድ ጊዜ እንዲህ ፈትኖኛል። በ2015 የወጣው ክራምብስ፣ 68 ደቂቃ፣ በአማርኛ፣ ስፔናዊ አዘጋጅ። ዳሎል ላይ ካሜራ ያቆመ ሰው ሌላ ፕላኔት በኮምፒውተር መሥራት አያስፈልገውም፤ ቢጫው መሬት ራሱ ይበቃዋል። ሰማይ ላይ ለዘመናት ዝም ብላ የተንጠለጠለች መርከብ መንቀሳቀስ ትጀምራለች፤ ስለዚህ ሰውየው ጉዞ ይነሳል። «ስለዚህ» አለ፤ አንድ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ እየቀጠነ ሄዶ መልክዓ ምድሩ ጀርባ ይደበቃል። አሁንም ትዝ የሚለኝ ግን የተዋናዩ የዳንኤል ታደሰ ትንሽ ሰውነት በዚያ ባዶነት ውስጥ ሲሄድ ነው። ይህንን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው፤ በ«ስለዚህ» ወይስ በ«ድንገት»?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ወደ ዳይኖሰሮቹ ስመለስ ነው። መጨረሻውን አስታውሱ። ሰዎቹ አዳራሹ ውስጥ በትንንሾቹ አዳኞች ተከበዋል፤ መውጫ የለም። ያ ሲራመድ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውሃ የሚያንቀጠቅጥ ፍጥረት ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ኮቴው ሳይሰማ ገብቶ ከትንንሾቹ አዳኞች አንዱን ከአየር ላይ ለቀመው። ማን ከፈተለት? በየት በኩል? መሬቱስ ለምን አልተንቀጠቀጠ? አያቶቻችን ተረት ሲነግሩን ጅብ ሲናገር ማንም አልገረመውም፤ ጅብ ሥጋ እምቢ ሲል ግን «ለምን?» እንል ነበር። ይህ ጅብ ሥጋ እምቢ ያለበት ቦታ ነው። በኔ ወረቀት ላይ የፊልሙ ትልቁ «ድንገት» ይኸው ነው። ደግሞ በየጊዜው እዚህ ቦታ ስደርስ ወንበሬ ላይ ቀና እላለሁ።

ምናልባት «ድንገት» የሚገዛበት ዋጋ አለ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ስለዚህ» እያለ ያጠራቀመ ፊልም አንዴ ማባከን ይችላል። ወይም ይህንን አሁን የፈጠርኩት ለወደድኩት ፊልም ጠበቃ ልቆም ነው። ለትናንቱማ አልቆምኩለትም፤ ወረቀቱ ላይ አሥራ አንድ «ድንገት» አለ፣ ሁለቱ ከሥራቸው በቀይ ተሰምሮባቸዋል።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ልልክላት ስልኩን ሳነሳ መ. ቀድማኛለች። «ዝም ስትል ራሴ አየሁት። አለቀስኩ» ብላለች።

የቱ ጋ እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ። ከአሥራ አንዱ አንዱ ጋ ከሆነስ?