ሌሊት የሚያስተምረው ሬዚደንት

ኢንተርኖችን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎችን) በእውነት የሚያስተምራቸው ማነው ብትሉኝ ሬዚደንቱ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረ የሚሠራው ሐኪም ነው እላለሁ። እኛ ሲኒየር ሐኪሞች ጠዋት ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ እንታያለን፣ ጥቂት እንጠይቃለን፣ እንሄዳለን። በዚህ በደሴ ብርድ፣ ሌሊት ዲዩቲ (ተረኝነት) ላይ ከኢንተርኗ ጎን የሚቆመው እሱ ነው። ግን ማስተማርን ማን አስተማረው? ማንም። በራሱ ጊዜ ይመጣል ተብሎ ይታለፋል። በራሱ የሚመጣው ደግሞ ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው፦ ጥያቄ ማዝነብና በታካሚ ፊት ማሸማቀቅ።

ወሎ ውስጥ ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ የቆየ ነገር ነው። ትልቁ ደረሳ ትንሹን ያስቀራል፣ ቅኔ ቤትም ነባሩ አዲሱን ያስጠናል። ግን ሸሁም ሆኑ የኔታ ጆሯቸው እዚያው ነው፣ እየሰሙ ያርማሉ። የእኛ ሬዚደንት ሲያስተምር ማን ይሰማዋል?

ስለዚህ ሰሞኑን ማታ ማታ ዋርድ እየገባሁ መስማት ጀምሬያለሁ። የምንለማመደው እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ ሐኪሞች ያሳተሙትን አጭር ዘዴ ነው፤ ሥራ በበዛበት ሰዓትም ይሆናል። መጀመሪያ «ምን ይመስልሻል?» ብሎ ዝም ማለት። ከባዱ ይሄ ዝምታ ነው፣ ሬዚደንቶች ቸኩለው ራሳቸው ይመልሱታል።

ትናንት ግን አንዱ ቻለበት። ከወረኢሉ የመጣች ወጣት እናት ትንፋሽ አጥሯታል። ኢንተርኗ የሳንባ ምች ነው አለች። «ለምን?» አላት ሬዚደንቱ። ሳሏን ጠቀሰች፣ ትኩሳት ግን የላትም፣ ስትተኛም ይብስባታል አለችና ራሷ መጠራጠር ጀመረች። «አብሽሪ፣ በግራ ጎኗ አስተኝተሽ በቤሉ (በማዳመጫው ትንሽ ጎን) ልቧን ስሚ» አላት። የሚትራል ቫልቭ (በልብ ግራ በኩል ያለ የደም በር) ጥበት ድምፅ ነበር፣ ሰማችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጨመረላት፦ ወጣት ሰው ስትተኛ ትንፋሽ ካጠራት፣ ምች ከማለትሽ በፊት ልቧን በደንብ አዳምጪ። በቃ፣ ቫልቩን ስለሚያጠበው ሩማቲክ የልብ ሕመም የግማሽ ሰዓት ሌክቸር የለም።

ሻይ ስንጠጣ ጎበዝ ብዬ ብቻ አላለፍኩትም። «ጠይቀህ የጠበቅከው ጥሩ ነው፤ ትኩሳት እንደሌለ ማስተዋሏ ጥሩ መሆኑን ግን ሳትነግራት አለፍክ፣ ያን ብትነግራት ሌላ ጊዜም ትደግመዋለች» አልኩት። ተመልሶ ሄዶ ነገራት።

አሁን የምፈልገው ይሄ በእኔ ትርፍ ሰዓት ላይ እንዳይንጠለጠል ነው። የሬዚደንቱ መመዘኛ ላይ ማስተማሩም ይካተት፣ ኢንተርኖቹም ይጠየቁ። ለዲፓርትመንቱ ስብሰባ ጽፌ አስገባለሁ።