ቅቤውን እምቢ ያለችው እናቴ

ከአዲስ አበባ የሐምሌ ዝናብ ወጥተን ከባሰ ዝናብ ውስጥ ገባን። ሙምባይ ላይ አውሮፕላን ቀይረን ኮዚኮድ ስናርፍ ማኮብኮቢያው ኩሬ መስሎ ነበር። ኮዚኮድ በድሮ ስሟ ካሊከት ናት፤ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቅመም ፍለጋ የደረሰባት፣ በደቡብ ሕንድ የኬረላ ግዛት ወደብ። እናቴ ግን ለቫስኮ ዳ ጋማ ጊዜ አልነበራትም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ «ሰው ዝናብ ሸሽቶ ይሄዳል እንጂ ዝናብ ፍለጋ ይሄዳል?» አለችኝ።

ዝናብ ፍለጋ መምጣታችን እውነት ነው። ከሐምሌ 10 ግድም እስከ ነሐሴ 10 ያለው ወር በኬረላ አቆጣጠር ካርኪዳካም ይባላል። ድሮ ጎተራ የሚጎድልበት፣ የእርሻ ሥራ የሚቆምበት፣ ሕመም የሚበረታበት ወር ነበር፤ እኛም ክረምትን በዚሁ ጠባዩ እናውቀዋለን። የአዩርቬዳ፣ ማለትም የጥንታዊው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ሐኪሞች ደግሞ በዚህ ወር ሰውነት ይለሰልሳል፣ ዘይትና መድኃኒት በቀላሉ ይቀበላል ይላሉ። ስለዚህ የአገሩ ሰው ዓመታዊ ሕክምናውን የሚያደርገው ሰማዩ ሲያለቅስ ነው።

እናቴ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት አሥራ አራት ዓመት ሆኗል፤ ደም ግፊቱ ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ወደ ሕንድ ያመጣን ግን ጉልበቷ ነው። አዲስ አበባ ያዩአት የአጥንት ሐኪም መገጣጠሚያው ስላለቀ በሰው ሠራሽ መቀየር አለበት ብለው ነበር። እሷ «ብረት ይዤ ፈጣሪዬ ፊት አልቀርብም» ብላ ዘጋችው። ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚመጣው ወገናችን ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ዴልሂ፣ ቼናይ ወይም ባንጋሎር ወዳሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። እኛ የመረጥነው ከኮዚኮድ ደቡብ ምሥራቅ ያለችውን ኮታካልን ነው።

ኮታካል ከሩቅ ትሸታለች። የተፈላ ሥራ ሥር፣ የሰሊጥ ዘይትና እርጥብ አፈር የተቀላቀለበት ሽታ ነው። ሽታውን ያመጣው በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፒ. ኤስ. ቫሪየር የተባሉ ሐኪም እዚህ የመሠረቱት አርያ ቫይድያ ሳላ ነው። ከዚያ በፊት ሕመምተኛው ሐኪሙ የነገረውን ቅጠልና ሥር ሰብስቦ፣ በቤቱ ጥዶ፣ ሲያፈላ ይውል ነበር፤ ቫሪየር መድኃኒቱን በብዛት አዘጋጅተው ለሽያጭ አቀረቡት። ተቋሙን ለብዙ ዓመታት የመሩት የእህታቸው ልጅ ፒ. ኬ. ዋሪየር በዚያው አቆጣጠር በ2021 ሲያርፉ መቶ ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ይህን ስነግራት እናቴ ከዚያ ወዲያ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም።

እኛ ያረፍነው ግን እዚያ ሳይሆን ከከተማዋ ዳር፣ አንድ የሐኪም ቤተሰብ ባቋቋመው አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ነው። ሐኪሙ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ጉልበቷ የጠየቁት መጨረሻ ላይ ነበር። በመጀመሪያ የምትራበው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ ሆዷ በቀን ስንቴ እንደሚወጣ፣ ሌሊት ስንቴ እንደምትነቃ፣ ስትነቃ ምን እንደምታስብ፣ ሙቅ ወይስ ቀዝቃዛ ውኃ እንደሚያምራት፣ ባሏ የሞተው መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ብቻዋን ትበላ እንደሆነ። እኔ እያስተረጎምኩ ላብ አጠመቀኝ፤ እናትን ስለ ሰገራዋ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ብዕራቸውን አስቀመጡ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ይህን ሁሉ አባትህም ጠይቆኝ አያውቅ» አለች።

ትምህርታቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። በሰው ውስጥ ቫታ፣ ፒታ እና ካፋ የሚባሉ ሦስት ኃይሎች አሉ። ቫታ ነፋስ ነው፤ ደረቅ፣ ቀዝቃዛና የሚንቀሳቀስ። ዕድሜ ሲገፋ ቫታ ይበረታል፤ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ ያደርቀዋል። ደረቅን የሚያሸንፈው ቅባት ነው፣ ቀዝቃዛን ሙቀት ነው። እኔ በሦስቱ ኃይሎች አላመንኩም፤ አሁንም አላምንም። ነገር ግን የሀገራችን ወጌሻ ቅቤ አሙቆ ሲያሽ «ብርድ ገብቶባት ነው» ይል የለም? ያኔ ተቃውሜ አላውቅም።

ስኳሩን በተመለከተ ሐኪሙ ቃላቸው አጭር ነበር። በሳንስክሪት የስኳር በሽታ ማዱሜሃ ይባላል፤ የማር ሽንት ማለት ነው። ጥንታዊዎቹ የሕክምና መጻሕፍት ጉንዳን የሚከበውን ሽንት ሳይቀር መዝግበዋል። «እንግዲህ በሽታውን ከሁለት ሺህ ዓመት ጀምሮ እናውቀዋለን» አሉ፤ «ማወቅና ማዳን ግን ይለያያል። የስኳር ክኒንዎን፣ ሜትፎርሚኑን፣ አያቋርጡ። የደም ግፊቱንም እንደዚያው።» በጠዋት ባዶ ሆዷን ስትለካ የደም ስኳሯ 164 ነበር።

ሕክምናው ሃያ አንድ ቀን ነው። ማለዳ ሁለት ሴቶች ይመጡና እናቴን ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ረጅም ገበቴ ላይ ያስተኟታል፤ ድሮኒ ይባላል። ዘይቱ እንዲጠራቀም በዙሪያው ቦይ አለው። አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ሆነው እኩል ያሻሉ፤ እጃቸው እኩል ይወርዳል፣ እኩል ይነሣል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ናቫራ የሚባለውን፣ በስልሳ ቀን የሚደርሰውን ሩዝ በወተትና በሥራ ሥር ቀቅለው፣ በጨርቅ ቋጥረው፣ ትኩስ ቋጠሮውን በመላ አካሏ ላይ ይደቁሱታል። ሴቶቹ «አማ» ይሏታል፤ በማላያላም እናት ማለት ነው። ትርጉሙን ሳትጠይቅ «ወይ የኔ ልጆች» ትላቸዋለች። እኔ ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ የዝናቡን ድምፅና የእሷን «እሰይ! እዚያጋ!» እሰማለሁ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ግን መጀመሪያ ተጠራጠረች። የሚቀርበው የመጠጥ ውኃ ሮዝ ነው! ፓቲሙጋም የሚባል ዛፍ ስንጥር ስለሚፈላበት ነው፤ በኬረላ ቤት ሁሉ የተለመደ። አንድ ቀን ሙሉ ሳትጠጣ ዋለች። ያስታረቃት ገንፎው ነው። በካርኪዳካም ወር ሰው ሁሉ የሚበላው ቀጭን የሩዝ አጥሚት አለ፤ በኮኮናት ወተት ይሠራል። ቀመሰችና ማንኪያዋን አቆመች። «ይሄ አብሽ ነው።» እንደገና ቀመሰች። «ፌጦም አለበት!» ወጥ ቤት ድረስ በምርኩዝ ሄዳ አስከፈተቻቸው፤ እውነትም አብሽና ፌጦ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኬረላ የሩቅ ዘመድ አገር ሆነች። የሒሳብ መምህሯ ኬረላዊ እንደነበሩም ያስታወሰችው ያኔ ነው፤ በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤቶቻችንን የሞሉት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚሁ ከኬረላ የመጡ ናቸው።

ጠቡ የተነሣው በቅቤ ነው። ሆድ ከመጠረጉ በፊት በሽተኛው ለተከታታይ ቀናት በመድኃኒት የተነጠረ ቅቤ በየማለዳው እየጨመረ መጠጣት አለበት። የጀመረው ሰኞ ነበር። ማክሰኞም ጠጣች። ረቡዕ ዕለት ጽዋውን መለሰችው። «ረቡዕ ነው» አለች። ሐኪሙ ረቡዕ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ጾሙን አስረዳኋቸው፤ ሲቋረጥ ከንቱ እንደሚሆን አስረዱኝ፤ እሷ ደግሞ ሁለታችንንም እንደ ሕፃን አየችን። ያስታረቀችን ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ናት። ለካ የኮታያም አካባቢ ልጅ፣ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ኖራለች። እነሱም የእመቤታችንን የዕርገት ጾም ይጾማሉ፤ ሐምሌ 25 ስለሚጀምሩ ከእኛ ፍልሰታ በስድስት ቀን ይቀድማሉ። «ዶክተር፣ አማ አትጠጣም፤ እኔም ብሆን አልጠጣም» አለቻቸው። ሽማግሌው ስቀው ቅቤውን በሰሊጥ ዘይት ቀየሩት። በመጻሕፍታቸው ዘይትም ይፈቀዳል።

የቀረው የቋጠሮው ወተት ጉዳይ ነው። ፍልሰታ ሲገባ በወተት የተቀቀለ ሩዝ መታሸት ጾም ይገድፋል ወይስ አይገድፍም? እናቴ የነፍስ አባቷ ዘንድ አስደወለችኝ። እሳቸውም ለደቂቃ ዝም ብለው «በአፏ ይገባል?» አሉ። አይገባም። «እንግዲህ ምን ትጠይቃለህ?» አሉ። ተፈታ።

ሆድ የተጠረገበትን ቀን በዝርዝር አልተርክም። እናቴ ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ ፊቷ እንደ ሻሽ ነጥቶ «ኮሶ ነው ያጠጡኝ» ማለቷ ይበቃል። ሐኪሙ ኮሶ ምን እንደሆነ ጠይቀው፣ በየሁለት ወሩ ይጠጣ እንደነበር ሲሰሙ፣ ስሙን በማስታወሻቸው ጻፉ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ምርኩዟን ግድግዳ ላይ ረስታው መሄድ ጀመረች። እኔ ግን ደስታዬን ሳልጨርስ አንድ ጠዋት መለኪያው 271 አለ። ደግመን ለካን፤ 268። ቅባቱ ይሆን? እንግዳው ምግብ? ሻንጣዋን ስፈትሽ የሜትፎርሚኑ ሽፋን ላይ የአራት ቀን ክኒን ሳይነካ አገኘሁ። ትራሷ ሥር ደግሞ ስም የሌለው፣ ጥቁር ክብ እንክብል የሞላበት ጠርሙስ። ለሻይ በወጣን ጊዜ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ያለ አንድ ባለ ሱቅ በልጁ አስተርጓሚነት «ይህን ከጀመሩ የፈረንጅ መድኃኒቱን ይጣሉ፤ በአርባ ቀን ከሥሩ ይነቅለዋል» ብሎ ሸጦላታል። ሥር መንቀል የሚለው ቃል ነው የወሰዳት፤ አሥራ አራት ዓመት ክኒን የዋጠ ሰው ሌላ ምን መስማት ይፈልጋል?

ሐኪሙን እንደዚያ ተቆጥተው አላየኋቸውም። እንክብሉን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ምን እንዳለበት አላውቅም፤ ባለ ሱቁም አያውቅም» አሉ። በእነሱ ሙያ ራሳ ሻስትራ የሚባል፣ ሜርኩሪና ሌሎች ማዕድናትን እያቃጠለና እየፈጨ መድኃኒት የሚያደርግ ዘርፍ አለ። በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ሱቆች ከተገዙ ሰባ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች አሥራ አራቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። የሚገርመው ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ቁጥሩን በቃላቸው ይዘውታል። ለእናቴም በቀስታ እንድተረጉም አደረጉኝ፦ «አማ፣ እኔ ጉልበትዎን ላሻሽል እችላለሁ። ለስኳርዎ የምሰጠው እንቅልፍ፣ ጊዜውን የጠበቀ ምግብና ከእራት በኋላ ትንሽ መራመድ ነው። እሱን በክኒኑ ላይ የምጨምረው ነው እንጂ ክኒኑን የምተካበት አይደለም።» እናቴ እንደ ተማሪ አቀርቅራ ሰማች። ጠርሙሱን ግን ለመጣል ሁለት ቀን ፈጀባት፤ ገንዘብ ወጥቶበታል።

ነሐሴ 5 ሕክምናው ሲያልቅ በጠዋቱ የተለካው 141 ነበር። ለሦስት ሳምንት ያለ ስኳር ሻይ፣ በጊዜ የተበላ ቀላል ምግብና ሙሉ እንቅልፍ ሜትፎርሚኑን ቢያግዙ ምን ይደንቃል? ጉልበቷም አልዳነም፤ በፎቶው ላይ ያለቀው እንዳለቀ ነው። ደረጃ ስትወርድ አሁንም ትቃትታለች። ግን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች፤ ሁለት ዓመት ያልሆነ ነገር ነው። ዘይቱ ይሁን፣ መታሸቱ ይሁን፣ ወይስ አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ስለ ሌሊቷ መጠየቁ፣ እኔ ልለየው አልቻልኩም።

ቦሌ ስንደርስ ከሦስቱ የዘይት ጠርሙሶች አንዱ ሻንጣ ውስጥ ፈስሶ የበዓል ቀሚሷን አበላሽቶት ነበር። የቀሩት ሁለቱ ኅዳር ላይ አለቁ። አሁን ከመርካቶ የተገዛ የሰሊጥ ዘይት አሙቀን እኔ ነኝ ምሽት ምሽት የማሻት። ሜትፎርሚኗን ከእራት ጋር ትውጣለች፣ እግሯን ኩርሲ ላይ ትዘረጋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ትናንት እጄ ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ላይ ሲሄድ ዓይኗን ሳትገልጥ «ወደ ታች ነው!» አለች። «ስንቴ ልንገርህ? ነፋሱ የሚወጣው ወደ ታች ነው።»