የአባቴን የሕይወት ታሪክ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት

አባቴ ያረፈው በሰኔ ነው፣ ጎጃም ገጠር ውስጥ። ሰኔ ለቀጥቃጭ ፋታ የሌለው ወር ነው፤ የአገሩ ማረሻ ሁሉ ሊሳል ይመጣል። ቀብሩ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሆነ። ድንኳኑን እድር ተከለ። የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ደግሞ "አንተ የተማርክ ነህ" ተብሎ ለእኔ ተሰጠ።

የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን የቀበሌ መታወቂያውን አወጣሁና ገለበጥኩ። የትውልድ ዘመን፣ 1961። ሥራ፣ ገበሬ። "ታታሪ ገበሬ ነበሩ" ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ገበሬ አልነበረም። እድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥና ዶሮ ሲያረባ የኖረ ሰው ነው።

መታወቂያውን የሞላው ጸሐፊ "ገበሬ ይሻልሃል" ብሎ እንደጻፈበት አውቅ ነበር። አባቴ እቤት ገብቶ በንዴት ሲያወራው ሰምቻለሁ። ለክብሩ አስቦለት ይሆናል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደግሞም ያን ሌሊት አንድ ዘመዴ ጠጋ ብሎ "ብረቱን አታንሳው፤ ልጆችህ ነገ ያገባሉ" አለኝ። ባለእጅን ቡዳ እያሉ ሲሸሹ ያየ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባዋል። ሰማሁት። መስማት አልነበረብኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሜ አነበብኩ። ከፊቴ የቆመው ሰው ብዙው በአባቴ እጅ በተሳለ ማረሻ ያረሰ ነው። ማንም ምንም አላለም። ስንመለስ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ የማንን ታሪክ ነው ያነበብከው? ዶሮዎቹስ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ለአርባው እንደገና ልጽፈው ወሰንኩ። ከቤት ቤት ዞርኩ። መጀመሪያ "መቼ ተወለደ? መቼ ሥራ ጀመረ?" እያልኩ ጠየቅሁ፤ ምንም አላገኘሁም። "ምን ሠራልዎት?" ማለት ስጀምር ግን ነገሩ ተከፈተ። አንዱ ማጭድ ከጣሪያ ሥር መዘዘ። ሌላው ምሳር አመጣ። አንድ ሽማግሌ "ይችን ማረሻ የሠራልኝ መሬት ለአራሹ የታወጀ ዓመት ነው" አሉ። 1967 ማለት ነው። በመታወቂያው ከሄድን አባቴ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር! ስለዚህ መታወቂያ ላይ ያለውን ዘመን አትመኑ። እቃውን ተከተሉ።

ስለ ዶሮዎቹ የነገሩኝ ጎረቤታችን ናቸው። አባቴ ለዘር የሚያስቀረው ገብስማ ነበር፤ ያውም እናቷ ጫጩቶቿን ከጭልፊት አስጥላ ያሳደገችውን። እንቁላሉን በጭድ ላይ ያስታቅፋል። በሰባተኛው ቀን ማታ በኩራዝ እያየ ባዶውን ያወጣል፤ በሃያ አንደኛው ቀን ይፈለፈላል። ከገበያ የገባን ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ያስራል። ፈንግል ሰፈሩን ሲያራግፍ የእሱ ቆጥ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር አሉኝ። የግብርና ባለሙያዎች የአገሩን አውራ ዶሮ አርዶ በፈረንጅ እንዲተካ መክረውት ነበር። እንቢ አለ። "የፈረንጇ ዶሮ ትጥላለች እንጂ አትታቀፍም፤ ታዲያ ዘሩን ማን ያቆይልኛል?" ብሎ። እኔ ዛሬም ከእሱ ጋር ነኝ። እንቁላል ለገበያ የሚፈልግ የፈረንጇን ይግዛ፤ ዘር ማቆየት የሚፈልግ ግን የአገሩን አይጣል።

የሞት ምዝገባውን በ30 ቀን ውስጥ ጨርሱ። እኔ ሥራውን "ቀጥቃጭ" ብላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። "ከመታወቂያው ውጭ አንጽፍም" አሉኝ።

በአርባው ዕለት "አባቴ ቀጥቃጭ ነበር" ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ያ ዘመዴ አቀርቅሮ ሰማ። ጎረቤታችን አለቀሱ።

ብረት መቀጥቀጥ ከማን እንደተማረ ግን ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። እሱን ራሱን ሳልጠይቀው ቀረሁ። አባት ያላችሁ፣ ዛሬ ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፁን ቅዱ። ለክብር ብላችሁ ሙያውን አትደብቁ። የእኔ ስልክ በልጆቼ ቪዲዮ የተሞላ ነው፤ የአባቴ ድምፅ የለበትም። ወናፉ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።