የሆድ መርፌ

መርፌው ሆድ ላይ የሚወጋ ባይሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ነርስ ነኝ። የምሠራው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው፣ ጥቅምት ላይ ውርጩ ሜዳውን በሚያነጣበት ከተማ። ክፍሌ የወንዶች ሰርጂካል ዋርድ ነው። ከተኙት ግማሾቹ የአጥንት ናቸው፤ ከሞተር የወደቀ፣ ከዛፍ የወደቀ፣ ከበቅሎ የወደቀ። የዛሬው ወሬዬ ከበቅሎ ስለወደቁት ነው።

ሰውየው የመንዝ ሰው ናቸው፤ ሰባን ዘለዋል። የጭናቸው አጥንት ከዳሌው ዝቅ ብሎ ተሰብሮ መጡ። የኦፕራሲዮን ተራ እስኪደርሳቸው ትራክሽን ላይ ዋሉ። ትራክሽን ያየ ያውቀዋል። እግር በገመድ ተወጥሮ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ፣ ሰው በጀርባው ተኝቶ ኮርኒስ ሲያይ ይውላል። ልጃቸው ከቤት ባና አምጥቶላቸዋል። የመንዝ ባና ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ገመዱ ላይ ካረፈ ክብደቱን ያዛባዋል። እኔ አነሳዋለሁ፣ እሳቸው መልሰው ይጎትቱታል።

«ልጄ፣ የተሰበረው እግሬ ነው እንጂ ብርዱ አልተሰበረም» ይሉኛል።

እንዲህ በተኛ ሰው ላይ እኛ የምንፈራው ከስብራቱ ይልቅ የደም መርጋትን ነው። ሦስት ነገር ሲገናኝ ደም በቀላሉ ይረጋል፤ የደም ስር ሲጎዳ፣ ደም ሲዘገይ፣ ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲቸኩል። ተማሪ ሳለን ቪርኮው በሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ስም የሸመደድናቸው ናቸው። እሳቸው ላይ ሦስቱም ተሟልተዋል። እግር ውስጥ የረጋው ደም ተላቆ ሳንባ ከገባ ደግሞ፣ ሲያወራ የነበረ ሰው ድንገት ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐኪም እስኪጠራ የማይቆይም አለ።

ስለዚህ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መርፌ፣ ኢኖክሳፓሪን 40 ሚሊግራም ታዘዘ፤ በቀን አንዴ፣ ሆድ ላይ፣ ቆዳ ሥር፣ ከእምብርት ራቅ ተብሎ፣ አንድ ቀን በግራ አንድ ቀን በቀኝ። እሱ ከጠፋ ሄፓሪን 5000 ዩኒት፣ በቀን ሁለቴ ወይ ሦስቴ። ሁለቱም ከጠፉ ያው የታወቀው ነው፤ «ውጭ ግዙ»።

የመጀመሪያውን ቀን መርፌውን ይዤ ቆምኩ።

«አባባ፣ ሆድዎን ይግለጡልኝ።»

«ሆዴን አላመመኝም።»

«ለሆድዎ አይደለም፣ ለእግርዎ ነው።»

«ታዲያ እግሬን አትወጊውም?»

እውነታቸውን ነው። እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። ቁጭ ብዬ ላስረዳ ጀመርኩ። ስለ ደም ስር አልገባቸውም፤ ዓይናቸው ላይ ያስታውቃል። ወደ ወተት ዞርኩ። «ወተት ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይረጋ የለ? ደምዎም እንዲሁ ነው። እግርዎ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ እዚያው ይረጋል።»

ይሄ ገባቸው። ግን የወተት ነገር እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

«ታዲያ የሚሻለው መናጥ አይደለም እንዴ?»

«አዎ፣ እሱንም እናደርጋለን። ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረጉ ይናጡት።»

«ሲናጥማ ቅቤ ይወጣዋል። ደሜ ቅቤ ሊወጣው ነው?»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ሆዳቸውን ገለጡልኝ፣ ወጋሁ፣ «ቦታውን እንዳያሹት» አልኩና ቻርቱ ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» ብዬ ፈረምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቁርጭምጭሚት እንቅስቃሴ በዋርዱ «መናጥ» ሆነ። ጠዋት ስገባ «ናጣችሁ?» እላለሁ፣ ከየአልጋው «ናጥን!» ይሉኛል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

በማግስቱ መርፌውን ይዤ ስመለስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ውሻ ነክሶኝ ነው?»

የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። የእብድ ውሻ ክትባት በአገራችን ለረጅም ዘመን ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው፤ 14 ቀን፣ በየቀኑ። እሳቸው ጎልማሳ ሳሉ ወንድማቸው ተወግቷል። አስታማሚው እሳቸው ነበሩ። ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ማለት ለእሳቸው ሌላ ትርጉም የለውም።

«ኧረ አባባ፣ እርስዎ የወደቁት ከበቅሎ ነው!»

«ወድቄ ነፍሴን አላውቅም ነበር። ውሻዬ ደግሞ አብሮኝ ነበር። እኔ ሳላውቅ የሆነውን አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ቁስሉ የታለ ታዲያ?»

ክንዳቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። ድንጋይ ላይ ሲወድቁ የተላጠ ነው። ለእሳቸው ግን ሌላ ነው።

እስቲ አሁን ይሄን በምን ታፈርሱታላችሁ? መርፌው ሆድ ላይ ነው፣ በየቀኑ ነው፣ ውሻው እዚያ ነበር፣ ክንዳቸው ተልጧል፣ ሐኪሞች ደግሞ በሽተኛ እንዳይደነግጥ እውነቱን ይደብቃሉ። እኔ የያዝኩት ወተት ብቻ ነው። ደግሜ አስረዳኋቸው። ዶክተሩም በራውንድ ላይ ቆሞ አስረዳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙን። «ገባኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ» አሉ። «ገባኝ» ማለት እኛ አገር «ይብቃሽ፣ አትድከሚ» ማለትም እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ሲመሽ ወሬው ዋርዱን አዳርሷል። የጎረቤት አልጋ አስታማሚ የውሃ ጆጉን ከመሀል ጠረጴዛ አነሳ። የወዲያኛው አልጋ ይቀየርልኝ አለ። ጽዳቷ መጥታ «ሲስተር፣ በእሳቸው በኩል በረኪና ላብዛ?» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልችልም። ከዚያ በኋላ እንደ እሳቸው መርፌውን በሥርዓት የወሰደ በሽተኛ አላየሁም። ሰዓቱ ሲደርስ ሆዳቸውን ገልጠው ይጠብቁኛል። ከዘገየሁ ልጃቸውን ይልኩብኛል። ከተወጉ በኋላ ከባናው ጫፍ የወጣ ክር ይዘው አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። 14 እስኪሞላ ነው።

ትይዩ አልጋ ላይ ደግሞ የሸዋ ሮቢት መምህር ነበር። የቆላ ሰው ስለሆነ ብርዳችንን ሲራገም ነው የሚውለው። ሞተር ጥሎት የቅልጥሙ አጥንት ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። እሱ ሁሉም ነገር ገብቶታል። ደም ሳንባ እንዴት እንደሚደርስ ጠይቆኛል፣ ከአስፕሪን ልዩነቱን ጠይቆኛል፣ ሆድ ለምን እንደተመረጠ ጠይቆኛል። እንደሱ ያለ በሽተኛ ማስተማር ደስ ይላል። በሦስተኛው ቀን «በክራንች ሽንት ቤት እየሄድኩ ስለሆነ በቃኝ» አለና ተወ። ብንለምነው፣ ብናስፈራራው ወይ ፍንክች። ምንም አልሆነም፣ በእግሩ ወጥቶ ሄደ። ይሄም ያናድዳል።

እንግዲህ ገምጋሚዎቹ የመጡት በዚህ መሀል ነው።

ኦክቶበር 13 የዓለም የደም መርጋት ቀን ነው፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከበራል። ቀኑ የተመረጠው ያ ቪርኮው የተወለደበት ስለሆነ ነው። በእኛ ጥቅምት መግቢያ ላይ ይውላል። ቀኑን ምክንያት በማድረግ «የታካሚዎች ግንዛቤ» የሚለካ ቡድን ከላይ ተላከ። ታብሌት የያዘ አንድ ወጣት ወደ እኔ ዋርድ ገባ። ጫማው ያበራል። ከእኔ ጋር ሰላምታ አላበዛም።

ሽማግሌው አልጋ አጠገብ ቆመ። በዚያን ጊዜ ኦፕራሲዮኑ አልፎላቸው ቀና ብለው ተቀምጠዋል።

«አባት፣ የሚወስዱት መርፌ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አሳምሬ።»

«ባይወስዱት የሚያመጣውን አደጋስ ያውቃሉ?»

«ሞት ነዋ! ሌላ ምን አለው?»

«ሳያቋርጡ እየወሰዱ ነው?»

ክሩን አወጡ። ቋጠሮዎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሩለት። «ዘጠኝ። አምስት ቀረኝ።»

ልጁ ዓይኑ በራ። ታብሌቱን ቶሎ ቶሎ ነካካ። ክሩን ፎቶ ማንሳት እችላለሁ ወይ ብሎ አስፈቀደ። እኔ አላስችል አለኝና «ይቅርታ፣ መርፌው የምን እንደሆነ በራሳቸው አፍ ይንገሩህ፣ ጠይቃቸው» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «ሲስተር፣ እባክሽ መልስ አታስገቢላቸው።»

ዝም አልኩ። ምን ልበል? ወደ መምህሩ ተሻገረ።

«ስለ ደም መርጋት አደጋ ያውቃሉ?»

«በምን ደረጃ?»

«አዎ ወይም አይ ነው መልሱ።»

«እንደዚያ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አውቃለሁ ማለት አልችልም።»

«አይ» ተባለ። በስብሰባው ላይ ዋርዳችን ተመሰገነ። የክሩ ፎቶ በፕሮጀክተር ታየ። «ታካሚው በራሱ ተነሳሽነት የፈጠረው የክትትል ዘዴ» ተብሎ ተጨበጨበለት። የምስጋና ወረቀቱ አሁንም ነርሶች ክፍል ተለጥፏል።

ቋጠሮው አሥራ አንድ ሲደርስ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ጠፋ። ዶክተሩም በክራንች መራመድ ስለጀመሩ ቢቆምስ እያለ ነበር። ሽማግሌው ሰምተው ተቆጡ። «ሦስት ይቀረኛል! ወንድሜ 14ቱንም ጨርሶ ነው የተረፈው።» ዶክተሩ ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ፣ ለዳሌ አካባቢ ስብራት ከኦፕራሲዮን በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን የተለመደ እንደሆነ፣ እስከ 35 ቀን የሚያስኬድም እንዳለ አወራኝ። «ከመመሪያው ጋር አልተጣሉም፤ ይጨርሱ» አለ። ልጃቸው ሦስቱን ውጭ ገዝቶ መጣ።

ሲወጡ መናገር ያለብኝን ተናገርኩ። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባት ካመመና ከሞቀ፣ ትንፋሽ ድንገት ካጠረ ወይ ደረት ከወጋ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። በተለይ ያበጠ እግር በቅቤ እንዳይታሽ። እኛ አገር እግር ሲያብጥ «ብርድ ነው» ይባልና ወጌሻ ይጠራል፤ የረጋ ደም ያለበትን እግር ማሸት ደግሞ ደሙን ወደ ሳንባ ሊነዳው ይችላል። «እሺ ልጄ» አሉኝ። ፈረምኩ።

ለቀጠሮ ሲመጡ ክራንቹን እንደ ከዘራ ለምደውታል። እግራቸው አላበጠም፣ ፊታቸው መልሷል። ደስ አለኝ።

«ቤት እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ውሻውን አስገደልኩት እንጂ።»

«የቱን ውሻ?»

«ያን ከእኔ ጋር የነበረውን። እዚሁ ተኝቼ ነው በስልክ ያዘዝኩት። ልጆቹን እንዳይነክስብኝ ብዬ። አሳዘነኝ፤ በግ ጠባቂ ነበር። ግን ምን ይደረግ።»

አፌ ደረቀ። እዚያው እኔ እየወጋኋቸው፣ «ናጡ» እያልኩ፣ ልጁ ታብሌቱን እየነካካ፣ ያ ውሻ መንዝ ላይ ተገደለ። «አባባ፣ ውሻው እኮ ምንም አላደረገም! መርፌው የደም መርጋት ነው!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ።

በአዘኔታ አዩኝ። አሁንም ሚስጥር የምጠብቅ መስሏቸዋል። «እሺ፣ እሱን ተይው። የመጣሁት ለሌላ ነው። በማኅበራችን ለብቻዬ ዋንጫ ነው የሚሰጡኝ። መርፌዬን መጨረሴን ጻፊልኝ።»

ዶክተሩ ጋ ሄጄ አጻፍኩ። ታካሚው በውሻ እንዳልተነከሱ፣ የወሰዱት መርፌ ደም እንዳይረጋ እንደሆነ፣ 14ቱንም እንደጨረሱ። ይዤው ማኅተም የሚመታው ልጅ ጋ ወረድኩ። ሁለቴ አነበበው።

«ሲስተር፣ የተነከሰ ቢሆን ፎርም አለን» አለኝ። «ላልተነከሰ ሰው ግን ማስረጃ አንሰጥም።»