ከኮባልት ጋር የዋልኩበት ቀን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ከሚያመነጩ ደቂቃን ሕዋሳት ጋር ዋልኩ። ኦክስጅን ጠላታቸው ነው። ሬዛዙሪን የሚባለው ጠቋሚ ቀለም በጠርሙሱ ውስጥ ሮዝ ሆኖ ከታየ ገና ኦክስጅን አለ ማለት ነው፤ ቀለሙ እስኪጠፋ መጠበቅ የግድ ነው። ትዕግሥት ለሌለው ሰው የሚመከር ሥራ አይደለም።

ስጠብቅ ሐሳቤ ኮባልት በተባለው ብረት ላይ አረፈ። በምግባቸው ውስጥ የምንጨምረው ኢምንት ነው፤ ካነሰ ግን የጋዙ ምርት ይዳከማል። ኮባልቱ የሚቀመጠው የቫይታሚን ቢ12 ዘመድ በሆነ ሞለኪውል እምብርት ላይ ነው። አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለውን የሜቲል ቡድን ከአንዱ ተሸካሚ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል፣ ልክ እንደ ዱላ ቅብብል ሯጭ። ከደቂቃን ሕዋሳቱ ብዙዎቹ በዚሁ ርክክብ ሶዲየምን ከሕዋሱ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ኃይል የሚያገኙትም ሶዲየሙ ተመልሶ ሲገባ ነው። ሚቴኑን የሚለቀው የመጨረሻው ኢንዛይም ደግሞ የሚሠራው በኒኬል ነው። የብረቶቹ የሥራ ክፍፍል ያስቀናል!

ቢ12ን እንስሳትም ሆኑ ዕፅዋት መሥራት አይችሉም። አወቃቀሩን በኤክስሬይ የፈታችው ዶሮቲ ሆጅኪን እ.ኤ.አ. በ1964 የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። ከእነዚህ ሚቴን አመንጪዎች ብዙዎቹ ግን የራሳቸውን ዓይነት ቢ12 ያለማንም እርዳታ ይገጣጥሙታል፤ ያውም በጭለማ ጭቃ ውስጥ።