ዘይቱ ልክ ነው፣ መብራቱ ግን አልጠፋም

መኪናዬ ላይ ቢጫዋ የዘይት መብራት በራች። ለካሁ፣ ዘይቱ ልኩ ላይ ነው። አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ትንሽ ቆይታ መልሳ በራች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወይ «የዘይቱን መጠን የሚያነበው ሴንሰር ነው የተበላሸው፣ ተወው» ብሎ ይነዳል፣ ወይ ምንም ሳያይ አዲስ ሴንሰር ይገዛል። ሁለቱም አይጥሙኝም፣ በተለይ የመጀመሪያው። ምክንያቱም የተበላሸ ሴንሰር ሁልጊዜ በውሸት አይጮህም። «ሙሉ ነው» እንዳለ ተቸክሎ የቀረ ሴንሰር ዘይቱ እያለቀም ዝም ይላል፣ ለሞተሩ የሚከፋው ደግሞ ይሄኛው ነው።

መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። ቀይ ከሆነ ጉዳዩ የመጠን ሳይሆን የግፊት ነው፤ ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፉ፣ ግፊት ያጣ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅለት ይችላል። ቢጫ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጠን ነው የሚያወራው። የግፊቱና የመጠኑ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ናቸው፣ የግፊቱ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ጎን ላይ ይታሰራል፣ የመጠኑ ብዙ ጊዜ ከታች ኮፓው (ዘይቱ የሚጠራቀምበት ገንዳ) ላይ ነው። ሁሉም ሰው ሁለቱንም «የዘይት ሴንሰር» ስለሚላቸው ዕቃ ስትገዙ የቱን እንደፈለጋችሁ በደንብ ተናገሩ።

አለካኩም ወግ አለው። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፉና ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ። መብራት በራ ብሎ ሳይለኩ ዘይት መጨመር ትልቅ ጥፋት ነው። በብዙ መኪኖች የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ከመጠን ካለፈ ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ (ክራንክሻፍቱ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ሞተር አያለሰልስም።

መጠኑ ልክ ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው የሴንሰሩ ሽቦ የሚሰካበት ሶኬት ነው። እኔ የኔን ስነቅለው ውስጡ በዘይት ርሷል፣ ፒኖቹ ላይ ሳይቀር ጥቁር ዘይት አለ። ከውጭ የተረጨ ነው ወይስ ከሴንሰሩ ከራሱ የመጣ? በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ አጠብኩት፣ ኮፓውንም ዙሪያውን በደንብ ጠረግኩና መልሼ ሰካሁት። መብራቷ ጠፋች። ከቀናት በኋላ መልሳ ስትበራ ሶኬቱን ከፈትኩ፣ ኮፓው ከውጭ እንደደረቀ ነው፣ ፒኖቹ ግን እንደገና ዘይት ለብሰዋል። አለቀ። ሴንሰሩ በገላው በኩል ዘይት እያሳለፈ ነው፣ ይሄ በማጽዳት አይድንም።

ሶኬቱ ደረቅ ከሆነ ግን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አውጡ። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅላችሁ የመኪናውን ቁልፍ ክፈቱና መስመሩ ላይ ኃይልና መሬት (ማይነስ) መኖሩን ለኩ። ብዙ ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰሮች 12 ቮልት ይፈልጋሉ፣ በ5 የሚሠሩም አሉ። ኃይሉ ካልመጣ ሴንሰሩ ምን አደረገ? ፊውዙንና ሽቦውን ተከተሉ። ሦስተኛው ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚልከው ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ምልክት ስለሆነ እዛ ላይ ቴስተር ብዙም አይረዳም፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያሳይ ኮድ ማንበቢያ ይሻላል። ፒ250ኤ (P250A) ካለ ችግሩ የሴንሰሩ መስመር ነው፣ ፒ250ኤፍ (P250F) ካለ ግን «ዘይት አንሷል» ማለት ነው፣ አታምታቱት። ባለ ሁለት ሽቦውና በውስጡ ተንሳፋፊ ያለው ዓይነት ይቀላል፤ ተፈትቶ በእጅ ሲገለበጥ መስመሩ መከፈትና መዘጋት አለበት፣ ካልተለወጠ ተጣብቋል።

ቅየራው ከባድ አይደለም። ዘይቱ መፍሰስ ስላለበት ከዘይት ቅየራ ጋር አንድ ላይ አድርጉት፣ ወጪውም ይቀንሳል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ግን በፍጹም አትግቡ። የሶኬቱ መቆለፊያ ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚደርቅ ቀስ ብላችሁ ነው የምትነቅሉት። ቡሎኖቹ ትናንሽ ናቸው፣ ኮፓው አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ ጥርሱ በቀላሉ ይበላል፣ እናም «ትንሽ ልጨምርለት» የሚለውን ጉልበት ተዉት፤ ማኑዋሉ ያለውን ልክ ተከተሉ። የጎማ ቀለበቱ አዲስ ይሁን፣ አዲስ ዘይት ቀባ ቀባ አድርጉት። ሲሊኮን የሚለጥፍ ሰው አጋጥሞኛል፣ አልወደውም፤ ትርፉ ተቆርጦ ውስጥ ከወደቀ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሊዘጋ ይችላል።

ከሞላችሁ በኋላ አስነሱና ከስር የሚንጠባጠብ ነገር ካለ እዩ። መብራቷ ወዲያው ባትጠፋ አትደንግጡ፣ አንዳንድ መኪና ሞተሩ ሞቆ ትንሽ ካልተነዳ አዲሱን መጠን አያነብም፣ ኮዱም መጥፋት አለበት።

መለኪያ ዘንግ የሌላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ነገሩ ይጠነክራል። እዛ ሴንሰሩ ከሞተ በዓይን የምታረጋግጡበት ሌላ መንገድ የላችሁም። እስኪቀየር መጠበቅ ግድ ከሆነ ዘይቱን በሙሉ አፍስሳችሁ ማኑዋሉ ላይ በተጻፈው ሊትር ልክ ሙሉ፣ ቢያንስ ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ።