ፊት ላይ ስስል የማነሳቸው ብሩሾች

ፊት ላይ መሳል የጀመርኩት በአንድ ክብ ብሩሽና በስፖንጅ ነው። ከዚያ ብሩሽ መሰብሰብ መጣ። ጠፍጣፋ፣ ሰያፍ፣ ቀጭን፣ ወፍራም፤ ያልሞከርኩት ቅርጽ ጥቂት ነው። ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ የሚገቡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌላው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

የለየኋቸው እንዲህ ነው። ያሉኝን ሁሉ አወጣሁና ክንዴ ላይ ሞከርኳቸው። መጀመሪያ ጫፉን ብቻ አስነካለሁ። ቀጥሎ ጫን አደርገዋለሁ። ከዚያ እጎትተዋለሁ። በመጨረሻ ተጭኜ እየጎተትኩ ቀስ ብዬ አነሳዋለሁ። ክንዴ ዥጉርጉር ቢልም የትኛው ብሩሽ ምን እንደሚሠራ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ወረቀት ላይም መሞከር ይቻላል፤ ግን ወረቀት ውሃውን ይመጠዋል። ቆዳ አይመጥም። ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ሲጎትቱት አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ልምምዱ ቆዳ ላይ ቢሆን ይሻላል።

አንድ ብቻ ያዝ ብባል ክቡን ነው የምይዘው። ክብ የምለው ፀጉሩ መሃሉ ላይ ወፈር ብሎ ጫፉ የሚሾል ብሩሽ ነው። ጉልበቱ ያለው ጠብታ ላይ ነው። ብሩሹን ቆዳው ላይ አሳርፌ ጫን ስለው ፀጉሩ ይሰፋል። ከዚያ ወደ ራሴ እየሳብኩ እጄን ቀለል አደርጋለሁ። ፀጉሩ ቀስ በቀስ ይሰበሰባል፤ ጫፉ ብቻ ሲቀር አነሳዋለሁ። የሚቀረው ከላይ ድብልብል፣ ከታች ሹል ያለ ጠብታ ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ ቅጠል ይሆናሉ። ግንባር ላይ ሲደረደሩ ዘውድ ይወጣቸዋል። የነብር መስመርም ያው ጠብታ ነው፤ ረዘም ይላል እንጂ። ከፊት ዳር በወፍራሙ ተነስቶ ወደ መሃል እየቀጠነ ይገባል። ይህን አንድ ምት በደንብ የያዘ ሰው ግማሹን የፊት ስዕል ችሏል ብዬ አስባለሁ።

ለቀጭን መስመር ደግሞ ያንኑ ብሩሽ ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ። ብሩሹ ባዘነበለ ቁጥር መስመሩ ይወፍራል። ብዙ ሰው መስመሩ ሲወፍርበት ቀጭን ብሩሽ ፍለጋ ይሄዳል። መጀመሪያ አያያዙን ማየት ነው። ከብሩሽ ጋር የሚመጡትን ቁጥሮችም ብዙ አልመናቸውም። ቁጥሩ ሲጨምር ብሩሹ ይወፍራል፣ ይህ እውነት ነው። ግን የአንዱ አምራች 4 ከሌላው 4 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። የኔ ልክ 2 እና 4 አካባቢ ነው፤ ሲገዛ ግን ዓይንን ማመን ይበጃል።

የብሩሹ ቅርጽ ምንም ያህል ቢያምር ቀለሙ ብሩሹ ላይ በትክክል ካልተጫነ ዋጋ የለውም። የምጠቀመው በውሃ የሚርሰውን ደረቅ የቀለም ኬክ ነው። ብሩሹን ነክሬ ትርፉን ውሃ የዕቃው አፍ ላይ አራግፋለሁ። ከዚያ ብሩሹን ኬኩ ላይ አጋድሜ እያሽከረከርኩ ጫፉ እንደሾለ እንዲጫን አደርጋለሁ። ለመስመር የሚሆነው ቀለም ውፍረቱ የፊት ክሬም ያህል ነው። ቆዳው በቀለሙ ውስጥ ካሳየና መስመሩ መውረድ ከጀመረ ውሃ በዝቷል። መስመሩ እየተቆራረጠ ከሄደ ደግሞ ደርቋል። ኬኩን በብዙ ውሃ አጥብቆ ማሸትም አረፋ ያመጣል። አረፋው ፊት ላይ ሲፈነዳ መስመሩን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል።

ወደ ጠፍጣፋው ልምጣ። ይህ ሰዎች «እንዴት ባንዴ ሠራሽው?» የሚሉኝ ብሩሽ ነው። ምስጢሩ ብዙ ቀለም ጎን ለጎን የተሰለፈበት ኬክ ነው። 1 ኢንች ስፋት ያለውን ጠፍጣፋ ብሩሽ በትንሹ አረጥብና ቀለሞቹ በተሰለፉበት አቅጣጫ ብቻ ወደፊት ወደኋላ አመላልሰዋለሁ። ወደ ጎን ከሄደ ቀለሞቹ ይደባለቃሉ፤ ከዚያ ያው ጭቃ ነው። በደንብ ሲጫን ብሩሹ አፍ ላይ ሁሉም ቀለም በየተራው ቆሞ ይታያል። አሁን ከዓይን ጥግ ተነስቼ ከቅንድቡ በላይ ወደ ጆሮ በኩል አንድ ጊዜ እወረውረዋለሁ። የቢራቢሮው የላይኛው ክንፍ አለቀ። ፈዛዛው ቀለም ወደ ዓይን በኩል ሲሆን ዓይኑ ፈካ ይላል። ጥቁሩ ወደ ዓይን ሲሆን ፊቱ ይከብዳል። ስለዚህ ብሩሹ ቆዳውን ከመንካቱ በፊት የትኛው ጠርዝ የት እንደሆነ አያለሁ።

ጠፍጣፋው ሌላም ነገር ይችላል። አንዱን ጥግ ቆዳው ላይ ተክዬ ሌላውን ዙሪያውን ካዞርኩት የአበባ ቅጠል ይወጣል። እያዞርኩ እጄን ትንሽ ካርገበገብኩት ዳሩ የተሸበሸበ ይሆናል። ስስ አፉን ብቻ ባስነካው ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል፤ ሣር የምሠራው በዚህ ነው። ለትንንሽ ልጆች ግን ባለ 1 ኢንቹ ይሰፋል። ጉንጩን በአንድ ምት ይጨርሰዋል። ለእነሱ ባለ 3/4 ኢንቹን አነሳለሁ።

በክቡና በጠፍጣፋው መሃል ያለው፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ጫፉ በግማሽ ክብ የተቆረጠው ብሩሽ ነው። ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እኔ እወደዋለሁ። አንዴ ጫን አድርጎ ማንሳት ብቻ የአበባ ቅጠል ይሰጣል። አምስት ጊዜ ዙሪያውን ጫን ጫን፣ አበባ። ብሩሹን ሙሉውን ሮዝ ጭኜ ጫፉን ብቻ ነጭ ካስነካሁት እያንዳንዱ ቅጠል ሁለት ቀለም ይዞ ይወጣል። ጥግ ስለሌለውም የውሻ አፍንጫ ዙሪያን ወይም የዓይን ቆብን ሲሞላ ጠርዝ አይተውም።

ሰያፉን ከስንት አንዴ ነው የማነሳው። ረጅሙ ጫፉ ጠባብ ቦታ ይገባል፣ ጥላ ለመስጠትም ጥሩ ነው፤ ግን ባይኖር አልናፍቀውም።

ቀጭኑ ረጅም ፀጉር ያለው ብሩሽ ለየት ይላል። ፀጉሩ ረጅም ስለሆነ ብዙ ቀለም ይይዛል፤ የድመት ጺምም ሆነ ረጅም ጥምዝ መሃል ላይ ሳይቋረጥ ያልቃል። ግን የእጅን መንቀጥቀጥ ሁሉ ያሳብቃል። ለዚህ ትንሿን ጣቴን የልጁ አገጭ ወይም ጉንጭ ላይ አሳርፋለሁ። ልጁ ዞር ሲል እጄም አብሮ ይዞራል፤ መስመሩ አይበላሽም። ዓይን አጠገብ ስደርስ ከላይ ለመሳል ዓይኑን ቀስ ብሎ እንዲከድን፣ ከታች ለመሳል ወደ ላይ እንዲያይ እጠይቀዋለሁ። «ዝም በል!» ማለት አይሠራም። «ጣሪያው ላይ ምን ይታይሃል?» ይሠራል።

አንድ ሥራ ግን ለብሩሽ አልሰጥም። መላውን ፊት መሸፈን የስፖንጅ ሥራ ነው። በብሩሽ ሲሸፈን ጭረት ይቀራል። ክቡን ስፖንጅ ለሁለት ስቆርጠው ጥጉ ዓይንና አፍንጫ ዙሪያ በደንብ ይደርሳል።

ብሩሽ ስገዛ ሰው ሠራሽ ፀጉር ያለውን እመርጣለሁ። የእንስሳ ፀጉር ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ ለዚህ ሥራ ይልፈሰፈሳል። በጣቴ ጎንበስ አድርጌ ስለቀው ቀጥ ካለ ይበቃኛል። ቆዳን የሚቧጭር ደረቅ ፀጉር ከሆነ ግን ቅርጹ ቢያምርም አልወስደውም። ደርዘን በደርዘን ታስሮ የሚሸጠው ጥቅልም አይማርከኝም፤ ውስጡ ያለው አብዛኛው ለሸራ ስዕል የሚሆን ነው። ለሸራ የሚሆነው አክሪሊክ ቀለምም፣ «መርዛማ አይደለም» ቢባልበትም፣ ለፊት አልተሠራም። ቁስል ወይም ሽፍታ ያለበት ፊት ላይ ደግሞ ጭራሽ አልስልም።

ሥራው ሲያልቅ ብሩሾቹ ውሃ ውስጥ ተዘቅዝቀው አያድሩም። ጫፋቸው ይጣመማል። ውሃው ብረቱ አንገት ውስጥ ይገባና እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ ሙጫውን ያላቅቀዋል፣ ከዚያ ፀጉሩ መርገፍ ይጀምራል። በለስላሳ ሳሙና አጥባቸዋለሁ፣ ጫፋቸውን በጣቴ አሾላለሁ፣ አጋድሜ አደርቃለሁ። ቁጥር 4 ክቡን ሁለት አድርጌ ነው የምይዘው። አንዱ ለነጭ ብቻ ነው። ጥቁር የነካ ብሩሽ ምንም ቢታጠብ ፀጉሩ ሥር የቀረችው ቀለም ነጩን ታጠቁረዋለች።